ክፍሉ ቀልቷል

ሽማግሌው ሊቅ በምድር ቤቱ የማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሞተው ሲገኙ፣ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ነበር። መነጽራቸው ከአፍንጫቸው አልተንሸራተተም፤ የካፖርታቸው ቁልፍ እስከ አንገት ድረስ ተቆልፏል። በፊታቸው ላይ የጭንቅም ሆነ የትግል ምልክት ስላልነበረ፣ ያገኛቸው መሐንዲስ መጀመሪያ ያንቀላፉ መስሎት ኮቴውን ሳያሰማ ሊመለስ ነበር። ወዲያው ግን የገዛ ጭንቅላቱ ዞረበት፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገባው።

ክፍሉ የሩቅ ጋላክሲዎችን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ካሜራ የሚቀዘቅዝበት ነው። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲሆን፣ በግቢው ከቆመ ታንከር በቱቦ ይመጣል። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቱቦው ክፍሉ ውስጥ ተሰነጠቀ። ጋዙ ሽታ የለውም፤ አያስልም፣ አያስነጥስም። ከቅዝቃዜው የሚነሣው ነጭ ጉም ደግሞ በዚያ ክፍል ዘወትር የማይጠፋ ስለ ሆነ ማንንም አያስደነግጥም። ጋዙ የአየሩን ስፍራ ቀስ ብሎ ይወስድና ሰውን ያለ ክርክር ያስተኛዋል።

የፖሊስ አዛዡ ነገሩን ገና ሳይጀመር ጨርሶት ነበር። መርማሪዋን አስጠርቶ፣ ሟቹ ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት በገዛ ልጃቸው አንደበት ማስጠንቀቂያ እንደ ደረሳቸው፣ ሰምተውም «እንግዲያው ዕረፍት ነው፤ ልግባ» ብለው ስልኩን እንደ ዘጉ ነገራት።

«ከዚህ የበለጠ ኑዛዜ ከየት ይመጣል?» አላት። «በገዛ እጃቸው ነው። ልጅቱን አጽናንተሽ፣ ጉዳዩን ዘግተሽ ነዪ።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። ሰው የሰማውን እንደማይናገር፣ የሚናገረው የገባውን እንደ ሆነ በረጅም አገልግሎቷ ተምራለች። ስለዚህ ምስክር ሁሉ ከእርሷ ዘንድ የሚሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፦ «የገባህን አትንገረኝ፤ የተባልኸውን ንገረኝ።» በዚህ ጠባይዋ ያልተሰላቸ ሰው የለም። ባሏ እንኳ «ከአንቺ ጋር ከማውራት ፍርድ ቤት መማል ይቀላል» ይላታል ይባላል።

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከበር እስከ ግድግዳ ጥቂት እርምጃ የማይሞላ፣ ግን ክሩ በቀለሙ፣ መቀሱ በመጠኑ የተሰደረበት ነው። የስፌት መኪናዋ ላይ ያልተጋጠመ እጅጌ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ስትገባ ልጅቱ ያለቀሰች አትመስልም ነበር፤ የምታለቅስበትን ነገር ገና ያላወቀች ትመስል ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ» አለች፣ ወንበር አቅርባ። «አባዬ ጥሎኝ ሄደ ወይስ ተወሰደብኝ? እሱን ይንገሩኝ። ሌላውን እችለዋለሁ።»

መርማሪዋ የማታውቀውን ተስፋ መስጠት ስለማትወድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ሳትጠየቅ ቀጠለች። ከመሞታቸው በፊት ከአባቷ ጋር ተቀያይመው ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰማዩ ውስጥ ገብተው ስለ ቀሩ፣ «የሩቁን ስታይ የቅርቡ አመለጠህ» ብላቸው ነበር። አባትየው አልመለሱላትም። ያ ዝምታ አሁን እንደ መልስ ሆኖ ይሰማታል።

«ስለ ስልኩ ንገሪኝ» አለች መርማሪዋ።

«ምክትላቸው ደወለልኝ። ‹ጋሼ ከእኔ ስልክ አያነሡም፤ ካንቺ ግን ያነሣሉ፤ ቶሎ ደውይላቸው› አለኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ክፍሉ አደገኛ እንደሆነ…»

«እሱ የገባሽ ነው። የተባልሽውን።»

ልጅቱ ዐይኗን ጨፈነች። «‹ክፍሉ ቀልቷል በያቸው› ነው ያለኝ። ልክ እንዲህ። የማልረሳው ስለ ሳቅሁ ነው። ጨርቅ ይቀላል፣ ዐይን ይቀላል፤ ክፍል እንዴት ይቀላል? ‹ቀይ መብራት በርቷል ማለትህ ነው?› ስለው፣ ‹እሳቸው ይገባቸዋል፤ እንዳልኩሽ በያቸው፣ ቃሉን አትለውጪ› አለኝ።»

መርማሪዋ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አኖረች፤ አልጻፈችም። ሌላ የሰማችው ድምፅ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀቻት። ልጅቱም ከምክትሉ ድምፅ ኋላ፣ እሳት ላይ እንደ ተረሳ ማንቆርቆሪያ የሚያፏጭ ነገር እንደ ነበረ ነገረቻት። የደወለበት ቁጥርም በእጅ ስልኳ ላይ ቀርቷል።

«አባትሽስ ምን አሉ?»

«‹ቀልቷል? እንግዲያው ዕረፍት ነው፤ ልግባ፣ ልጄ› አለ። ከዚያ ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ።» የእጅጌውን ጫፍ ይዛ ታጥፈው ትፈታው ጀመር። «ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። የሚገድለኝ እሱ ነው። ደስ ብሎት ነው የሄደው።»

የምርምር ተቋሙ ሕንፃ ከከተማው ጫፍ ብቻውን ቆሟል። መርማሪዋ ስትገባ በመጀመሪያ ያስተዋለችው በመተላለፊያው ግርጌ የተደረደሩትን ትናንሽ ቀይ አምፖሎች ነው። የተቀበላት ሟቹን ያገኘው መሐንዲስ፣ ቁመቱ ከበሩ ጉበን የሚደርስ፣ ድምፁ ግን ከቁመቱ በብዙ ያነሰ ሰው፣ ምክንያቱን አስረዳት። ጨለማ የለመደ ዐይን ነጭ ብርሃን ሲያይ ይታወራል፤ ቀይ ግን አይጎዳውም። ስለዚህ በዚህ ቤት ሰው የሚሠራው፣ የሚራመደው፣ ሻዩንም የሚጠጣው በቀይ ብርሃን ነው።

በምድር ቤቱ፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል በር በላይ፣ አቧራ የጠጣ ቢጫ መስታወት ተሰክቷል።

«ይህስ?»

«የማስጠንቀቂያው መብራት ነው። አየር ሲያንስ ይበራ ነበር። ተቃጠለ። ምትክ ከጠየቅሁ ሰንብቷል» አለ መሐንዲሱ። «ቢልዮን ፀሐይ የሚያይ ቤት አንድ አምፖል አጣ ቢባሉ ያምናሉ?»

አምፖሉ እስኪመጣ ድረስ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ ጋዙ መዘጋቱን ሳይጠይቅ ማንም እንዳይገባ። ሊቁ ደንቡን ያከብሩት እንደ ሆነ ጠየቀችው።

«ከሁላችንም በላይ። የዚያን ቀን እንኳ ላይ ሆነው ‹ተዘጋ ወይ?› እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። የመሙላት ተራው የምክትሉ ነው፤ እሱን ይጠይቁት አልኳቸው። ግን ተኳርፈዋል፤ ምን ላድርግ?» ከዚያም ድምፁ ይበልጥ ዝቅ አለ። «መቼም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሁሉም ሲያልቅ አምፖሉን በእኔ አንገት ላይ ነው የሚሰቅሉት።»

ወደ ግቢው ወጡ። ታንከሩ ከግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል፤ ፈሳሹ በሚፈስበት ጊዜ ሁሉ እንደሚያፏጭ መሐንዲሱ ነገራት። በግድግዳው ላይ፣ ጋዝ የሚያመጡ ሾፌሮች የሚደውሉበት ስልክ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ከታንከሩና ከስልኩ መካከል ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። አንዱ እጇ የስልኩን እጀታ፣ ሌላው ጋዙ የሚዘጋበትን የታንከሩን መዘውር ነካ።

«ይህን መዘውር ማን ዘጋው?»

«እኔ። ካገኘኋቸው በኋላ።»

ሦስተኛዋን የቤቱን ሰው፣ ከቅጥነቷ የተነሣ «ጭራሮ» የሚሏትን ተማሪ፣ በትልቁ የስብሰባ ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት። ከፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ፎቶግራፍ ተዘርግቷል፤ በጥቁሩ ላይ ጥቂት ደብዛዛ ነጠብጣቦች እንደ ጎረቤት ተጠጋግተዋል። የሊቁ የመጨረሻ ሥራ እርሱ ነበር። መርማሪዋ ከመጠየቅ በፊት መማርን መረጠችና ነጠብጣቦቹ ምን እንደ ሆኑ እንድታስረዳት ለመነቻት።

«እያንዳንዷ ነጠብጣብ ጋላክሲ ናት» አለች ጭራሮ። «ጋላክሲ ከዋክብት የሚወልደው በጋዝ ነው። ጋዙ ቢቋረጥበት ወዲያው አይሞትም፤ በእጁ ያለውን እየበላ ይቆያል። አዲስ የሚወለዱት ትልልቅ ኮከቦች ሰማያዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው አጭር ነው። እነሱ ሲያልቁ አሮጌዎቹ ቀዮች ብቻ ይቀራሉ። ያኔ ‹ቀላ› እንላለን። የከዋክብቱን ልደት መቆም ደግሞ ጋሼ ‹ዕረፍት› ነበር የሚሉት። ‹ሞት አትበሉ፤ ብርሃኑ ገና አለ› ይሉን ነበር።»

መርማሪዋ ቃሉን አልለቀቀችውም። «‹ቀላ› ማለት ጋዙ አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ፣ ተዘጋ፣ ተቋረጠ። ልማድ ሆኖብን የሻይ ምድጃው ጋዝ ሲያልቅ እንኳ ‹ቀልቷል› ነው የምንለው። የመኪና ነዳጅም ይቀላል። ደመወዛችን በወሩ አጋማሽ ይቀላል።» ፈገግ አለች፤ ከዚያ በፈገግታዋ አፍራ አንገቷን ደፋች።

ስለ ጠቡም ምንም አልደበቀችም። ምክትሉ ስም ያተረፈው፣ ጋላክሲዎች ከሌሎች ብዙ ጋላክሲዎች መንጋ ጋር በተቀላቀሉ ጊዜ ጋዛቸው በድንገት እንደሚገፈፍ በማሳየቱ ነው። ሊቁ ግን ፎቶግራፎቹን እንደ ገና ሲመረምሩ፣ ጋላክሲዎቹ መንጋው ዘንድ የሚደርሱት ቀድሞውኑ ተርበው እንደ ሆነ አዩ። በመጡበት ትንሽ ሰፈር ውስጥ ጋዛቸው ተቋርጦ፣ ሰማያዊ መስለው ይጓዛሉ እንጂ ውስጣቸው አልቋል። ምክትሉም ይህን አይቶ ነበር፤ ግን ከግኝቱ ጋር የማይስማሙትን ደብዛዛ ጋላክሲዎች ከሥራው አውጥቶ ጥሏል። ሊቁ በሰው ፊት አላዋረዱትም። በዚህ ክፍል፣ ጭራሮ እየሰማች፣ «በስብሰባው ላይ ራስህ ተናገረው። እኔ ብናገረው ክስ ይሆናል፤ አንተ ብትናገረው እርማት ይሆናል» አሉት። የተመራማሪዎቹ ስብሰባ የተቀጠረው ሊቁ በሞቱ ማግስት ነበር፤ በሞታቸው ምክንያት ተላለፈ።

«አንቺስ?» አለች መርማሪዋ።

«የእኔም ጽሑፍ የቆመው በምክትሉ ሥራ ላይ ነው። ጋሼ ትክክል ከሆኑ ልፋቴን ውኃ በላው። ስለዚህ እኔንም ይጠርጥሩኝ።» ወደ ፎቶግራፉ ዞረች። «ይህ ብርሃን ምድር ሳትኖር የተነሣ ነው። ሲታነቁ እናያቸዋለን፤ ግን የምናየው ያለቀ ነገር ነው። እኛ ለማንም አንደርስም።»

ምክትሉ መርማሪዋን በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተለካ ነው። የሆነውን ያለ መንተባተብ ነገራት። ቱቦው ሲሰነጠቅ ሸሽቶ ወጣ፤ በሩን ዘጋ፤ ወደ ቢሮው ሮጠ፤ ከዚያ ለልጃቸው ደወለ። መዘውሩን ይዘጋ ዘንድ መሐንዲሱን ሲፈልግ ጊዜ አለፈ።

«የተናገሩት ቃል ምን ነበር?»

«ማስጠንቀቂያ ነዋ።»

«ማስጠንቀቂያ የቃሉ ዐይነት ነው። እኔ ቃሉን ነው የጠየቅሁት።»

«በዚያ ድንጋጤ ቃል የሚመርጥ ማን ነው? ክፍሉ ቀይ መሆኑን ነገርኳት። ቀይ ምን እንደሆነ ልጅም ያውቃል።» ኀዘን በተቀላቀለበት ድምፅ ጨመረ። «ጋሼ ደክሟቸው ነበር። ሰሞኑን ከአፋቸው ዕረፍት የሚል ቃል አይጠፋም ነበር።»

ይህም እውነት ነበር። መርማሪዋ በረጅም አገልግሎቷ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ የውሸት ሁሉ ክፉው በእውነተኛ ቃል የተሠራው እንደ ሆነ ግን እንዲህ በግልጽ ታይቷት አያውቅም። ቃላቱ አንድም ሐሰት የለባቸውም። ሐሰቱ ቃሉ ከሚነሣበት አፍና ከሚደርስበት ጆሮ መካከል ነው።

ሁሉን ሰብስባ ከመናገሯ በፊት ወደ ስፌት ሱቁ ተመለሰች። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

«ለጠየቅሽኝ መልስ አግኝቻለሁ» አለቻት። «ግን መልሱ አንድ ነገር ይመልስልሽና ሌላ ነገር ይጭንብሻል። እንዳላገኘሁ ሆኜ መተው እችላለሁ። አለቃዬ ደስ ይለዋል።»

ልጅቱ እጅጌውን ከመኪናው ላይ አነሣች። «ጥሎኝ አልሄደም?»

«አልሄደም።»

«እንግዲያው የሚጫነው ይጫን» አለች።

በስብሰባው ክፍል፣ በፎቶግራፉ ፊት ተሰበሰቡ። አዛዡ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ከፊት ተቀመጠ። ምክትሉ ከመስኮቱ አጠገብ፣ መሐንዲሱና ጭራሮ ጎን ለጎን ሆኑ። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ አልራቀችም።

መርማሪዋ የጀመረችው ከጥያቄ ነው። «ሊሞት የወሰነ ሰው ‹ተዘጋ ወይ?› እያለ ይጠይቃል? ሟቹ በአንድ መሐንዲስ ደንብ ታዝዘው፣ ላይ ቁጭ ብለው ወሬ ጠበቁ። ሞት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ አይጠብቅም።»

«ወሬው ደረሳቸዋ» አለ አዛዡ።

«ደረሳቸው። ምን የሚል ወሬ? እኛ ሁላችን ‹ክፍሉ አደገኛ ነው› የሚል ወሬ እንደ ደረሳቸው አድርገን ተናገርን። ልጃቸው ግን ያደረሰችው እሱን አይደለም። ያደረሰችው ‹ክፍሉ ቀልቷል› የሚለውን ነው።» ወደ ጭራሮ ዞረች። «የሻይ ምድጃችሁ ቀልቷል ቢባል ምን ትረጂያለሽ?»

«ጋዙ ማለቁን…» ጭራሮ ካፏ የወጣውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«አለቀ፣ ተዘጋ፣ ተቋረጠ፤ ቃልሽ ነው። ሊቁም የሰሙት ይህንኑ ነው። ‹እንግዲያው ዕረፍት ነው› ያሉትም ስንብት አይደለም፤ የሥራ መልስ ነው። ‹ጋዙ ቆሟል ማለት ነው፤ እንግዲህ ልግባ› ማለታቸው ነው። እኛ የቀብር ቃል አደረግነው፤ እሳቸው ግን የተናገሩት በዚህ ቤት ቋንቋ ነበር።»

ምክትሉ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቀይ በዓለም ሁሉ የአደጋ ምልክት ነው።»

«በዓለም ሁሉ፤ ከዚህ ሕንፃ በቀር። እዚህ ቤት በቀይ ብርሃን ትሠራላችሁ፤ ትበላላችሁ። የማስጠንቀቂያው መብራት ቢጫ ነው፤ እርሱም ተቃጥሏል። በዚህ ቤት ቀይ ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አንዱ የሥራ ብርሃን፣ ሌላው ጋዙ የቆመበት ጋላክሲ። ሁለቱም ‹ተመለስ› አይሉም። ቀይን እንደ አደጋ የምትሰማ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እርሷም ከውጭ ናት። እርስዎም የመረጡት የእርሷን አፍ ነው።»

«ደንግጬ ነበር አልኩ እኮ።»

«የደነገጠ ሰው ‹አይግቡ› ይላል። አንድ ቃል ነው። እርስዎ ግን ልጅቱ ቃሉን አቃንታ ‹ቀይ መብራት በርቷል ማለትህ ነው?› ስትልዎ ‹ቃሉን አትለውጪ› አሏት። እንዲያ ብትላቸው ኖሮ፣ በዚህ ቤት የሚበራ ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት ስለሌለ ይገርማቸው ነበር፤ መልሰው ይጠይቁ ነበር። አንድ ጥያቄ ያድናቸው ነበር።»

ከዚያም የልጅቱን የእጅ ስልክ ተቀብላ፣ ምክትሉ የደወለበትን ቁጥር መታች። የምክትሉ ቢሮ ከዚያው መተላለፊያ ነው፤ በሩም ክፍት ነበር። ከቢሮው ምንም አልተሰማም። ከመስኮቱ በታች፣ ከግቢው ግድግዳ ላይ፣ የሾፌሮቹ ስልክ ይጮኽ ጀመር። መርማሪዋ እንዲጮኽ ተወችው።

«ከቢሮዬ ደወልኩ ብለውኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ልጅቱ ከድምፅዎ ኋላ የታንከሩን ፉጨት ሰምታለች። አንድ እጅዎ ስልኩን ሲይዝ፣ ሌላው እጅዎ ከመዘውሩ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ቱቦውን እርስዎ ሰነጠቁት አልልም፤ በራሱ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ግን ተሰንጥቆ ሲያገኙት መዘውሩን ከመዝጋት ይልቅ ቃል መረጡ።»

ምክትሉ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ስልኩ ጩኸቱን አቆመ። ሲመለስ ፊቱ ነጥቷል፤ ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው የተለካ ነበር።

«ከየት እንደ ደወልኩ ተሳስቼ ይሆናል። ፈርቼ መዘውሩን አላሰብኩትም ይሆናል። ግን እኔ የተናገርኩት ከእሷ ጋር ነው፤ እሷም አደጋ መሆኑን ተረድታለች፤ ራሷ መስክራለች። በጋሼ ጆሮ ቃሉ ምን ይሁን ምን፣ ማን ገብቶ ያያል? እርስዎ ያዩታል?»

መርማሪዋ የምታውቀውን ሁሉ ተናግራለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በሁለት ሰዎች ልብ ውስጥ ነው፣ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው አይናገርም።

አዛዡ ቆቡን አገላብጦ ተመለከተው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረውም በኀፍረት ነው። «ሕግ የሚጠይቀው እጅን ነው፣ እኅቴ፤ ግስን አይደለም። ‹ቀልቷል› በሚል ቃል ሰው የሚያስር ዳኛ አላውቅም። በገዛ እጃቸው የሚለውን እሰርዘዋለሁ። አደጋ ነው እላለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።» መሐንዲሱንም ስለ መብራቱ በሥርዐት እንደሚጠየቅ ነገረው። መሐንዲሱ ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ስለ ነበር ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተከራከረም።

ምክትሉ ተነሥቶ ወጣ። የሚከለክለው አልነበረም። የተላለፈው ስብሰባ በቀረበ ጊዜ በሊቁ ወንበር ተቀምጦ የመታሰቢያ ንግግር እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ጭራሮም ታውቅ ነበር፤ ብትናገር ማን እንደሚሰማት ግን አታውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። መርማሪዋ ወደ እርሷ ቀረበች። ስታጽናና የኖረችባቸው ቃላት ሁሉ ወደ አፏ መጡ፤ አላወቅሽም፣ ጥፋትሽ አይደለም፣ መሣሪያ አደረጉሽ እንጂ። ሁሉም እውነት ናቸው። አንዱም የሚሠራ አልመሰላትም።

«አልጣለኝም» አለች ልጅቱ።

«አልጣሉሽም።»

«ደስ ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።» ድምፅዋ በጣም ቀጭን ነበር። «በሱ ቃል ተናገርኩታ። ቀልቷል አልኩታ። የሱን ቋንቋ የተማርኩለት መሰለው።»

ጭራሮ ፊቷን ወደ ፎቶግራፉ መለሰች። አዛዡ ቆቡን አደረገ፣ መልሶም አወለቀው።

ወደ ምድር ቤቱ አብረው ወረዱ፤ ልጅቱ አባቷ የሞቱበትን በር ማየት ፈልጋ ነበር። መሐንዲሱ ከፊት ሄዶ መሰላል ላይ ወጥቷል። ሲጠይቀው የኖረው አምፖል የዚያን ዕለት መጥቶ ነበር። አሮጌውን ፈታ፤ አዲሱን አጠበቀ፤ አቧራውን ከመስታወቱ ላይ በክንዱ ጠረገ። ሊሞክረው ቁልፉን ተጫነ።

ብርሃኑ በመተላለፊያው ላይ ወደቀ፤ በመሐንዲሱ ግንባር ላይ፣ በመርማሪዋ እጅ ላይ፣ በተዘጋው በር ላይ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ፣ ክር እንደምትመርጥ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ቢጫ ነው ለካ» አለች።